በኅዳር ጽዮን የታጠፈው ማርሽ

በኅዳር ጽዮን ቀን ብረት መትቻለሁ። ከቅዳሴ መልስ፣ ነጭ ቀሚሴን እንደ ለበስኩ፣ በአባቴ ግቢ ውስጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ። ይኸን የምጽፈው ልናዘዝ ብዬ አይደለም፤ ኑዛዜውን ያኔውኑ ጨርሻለሁ፣ የተሰጠኝንም ስግደት ሰግጃለሁ። የምጽፈው ነገሩ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሲወራ ሲወራ ስለ ተበላሸ ነው። ባለፈው አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልታስለካ መጥታ «አንዷ ልብስ ሰፊ በበዓል ቀን መኪና ስትገጣጥም ዋለች አሉ» ብላ ለራሴው አወራችልኝ። መኪና አልገጣጠምኩም። አንድ የማርሽ ዘንግ ነው ያጠፍኩ።

አዎ፣ ልብስ ሰፊዋ እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የሰው ወገብና ትከሻ ስለካ ኖሬያለሁ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ በልኬት የተሳሳትኩ እኔው መሆኔ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ግን አንድ ኩንታል እንኳ የማይጭን መኪና ገዝተው መጡ። ባለ ሁለት በር፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ከመሬት ብዙም የማይነሣ፣ ቀይ የድሮ ስፖርት መኪና። እዚህ አካባቢ ሲሠራ ቆይቶ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ መሐንዲስ ነው የሸጠላቸው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሩን ከፍታ አየችው፣ ዘጋችው፣ «እህሉንስ የት እንጭነዋለን?» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ መኪናው አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ በዚያ መኪና ቡሬ ይሄዳሉ። ቡሬ ምን አላቸው? ምንም። ይሄዳሉ፣ አንድ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይመለሳሉ። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነው። የሳምንቱን ንዴት መንገድ ላይ ጥለውት የሚመጡ ይመስለኝ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ከማንጎ ዛፍ ወደቁ። የሰባ አምስት ዓመት ሽማግሌ ማንጎ ዛፍ ላይ ምን አወጣው አትበሉኝ፤ እኔም ጠይቄያቸው «ማንጎው ነዋ» ብለውኛል። ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሸ፣ ጠገነ፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ክርናቸው ግን በታጠፈበት ደርቆ ቀረ። ይበሉበታል፣ ያማትቡበታል፣ መሪም ይይዙበታል። ወደ ፊት መዘርጋት ግን አይሆንላቸውም።

የዚያ መኪና የማርሽ ዘንግ ደግሞ ረጅም ነው፤ የሚወጣውም ከሩቅ፣ ከራዲዮው ሥር ነው። ሁለተኛና አራተኛ ወደ ኋላ የሚሳቡ ስለሆኑ ለአባቴ ችግር የላቸውም። አንደኛና ሦስተኛ ግን ክንድ ዘርግቶ ወደ ፊት መግፋት ይፈልጋሉ። ሞክረውታል። አንድ ቀን በሁለተኛ ተነሥተው ገና ከበራችን ሳይወጡ ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋባቸው። ወርደው በሩን ቀስ ብለው ዘጉና ሸራ አለበሱት። ሦስት ዓመት ሸራ ለብሶ ተቀመጠ። ቅዳሜ ሲሆን ሸራውን ይገልጣሉ፣ ያጥቡታል፣ መልሰው ያለብሱታል። ይኸን ማየት አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። ስናደድበትም እንኳ «ወንድም ጋሼ» ነው የምለው፤ ልማድ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ከማንጎው ሥር አባታችንን ተሸክሞ ያነሣ እሱ ነው፤ የዚያን ቀን ፈርቶ እስከ ዛሬ እንደ ፈራ ነው። እሱ የሚነዳው አውቶማቲክ ነው። ማርሽ የሚሉት ነገር ከዓለም ቢጠፋ የሚጎድልበት የለም።

በኅዳር ሚካኤል ሽማግሌ ሰብስቦ መጣ። ሽማግሌ የሚገኘው በበዓል ነው፣ ያኔ ሰው ሥራ አይዝም። የንስሐ አባታችንና ሁለት የሰፈር ሽማግሎች ከማንጎው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ወንድሜ ቆሞ ነገሩን አስረዳ። «ባሕር ዳር አንድ ሰው አለ፤ ለሠርግ ፎቶ የሚሆን የአትክልት ቦታ ከፍቷል። መኪናውን እዚያ ያቆመዋል፣ ሙሽሮች ተደግፈውት ይነሣሉ። አባዬም ያርፋሉ። አንድ ቀን ልንዳ ብለው ቢነሡስ? ሌላ ክንድ የላቸውም እኮ!»

ደሜ ፈላ። ሊያቆመው! ሞተሩ ሳይነሣ የማንም ሙሽራ ሊደገፈው! ከእነዚያ የሙሽራ ቀሚሶች ግማሹን የምሰፋ እኔ ነኝ፤ ስንቱ መርፌና ዶቃ ቀለሙን ሊቧጭረው እንደሚችል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ወንድም ጋሼ» አልኩት፤ «ሰው በሕይወት እያለ ንብረቱ የሚሸጠው በማን ፈቃድ ነው?»

«አንቺ ደግሞ! እሳቸው ምን አሉ? ጠይቂያቸው እስቲ።»

ሁላችንም ወደ አባቴ ዞርን። አባቴ ዝም አሉ። የታጠፈውን ክንዳቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው መሬት መሬት ያያሉ። ወንድሜ ካለው ሁሉ ይልቅ ያ ዝምታ ነው ያበሸቀኝ። ከአፌ ሲወጣ ራሴው ሰማሁት። «ይነዱታል! ራሳቸው ነድተው ቡሬ ይደርሳሉ!»

የንስሐ አባታችን መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው አዩኝ። «ማን? አባትሽ?»

«አዎ፣ አባ።»

«በዚያ ክንድ?»

«በዚያው ክንድ።»

ሽማግሎቹ ወዲያ ብለው ተማከሩና ፍርዱን ሰጡ። ወንድሜ ለኅዳር ጽዮን ተመልሶ ይመጣል። በጽዮን ማግስት አባቴ ራሳቸው ነድተው ቡሬ ከደረሱ የመሸጡ ነገር ዳግመኛ አይነሣም። ካልደረሱ መኪናው ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ እኔም አፌን እዘጋለሁ። አባቴ ያኔ ቀና አሉና «እሺ» አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቀና ብለው አላየኋቸውም።

አፌ ቢቀድመኝም ባዶ እጄን አልነበርኩም። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ስልኬ ላይ ስፈልግ አንድ ነገር አግኝቻለሁ፤ የእሳቸውን ዓይነት መኪና ያላቸው የውጭ ሰዎች ያንን ረጅም ዘንግ አውጥተው አጭር ሲያስገቡበት። ከመኪናው ጋራ የተሠራ አይደለም፤ ሌሎች አሻሽለው የሚሠሩት ነው። አዲሱ ዘንግ ከራዲዮው ሥር ሳይሆን ወደ ኋላ፣ ከሁለቱ ወንበሮች መካከል ይወጣል። የሚገፋበትም ርቀት የዱሮውን ግማሽ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የዕቃ ነጋዴ አስመጣልኝ። ተዘግቶ የነበረው መንገድ በተከፈተ ሳምንት በጭነት መኪና ተላከልኝና ከጨርቅ ክምር ሥር ደብቄው ነበር። የሚያብለጨልጭ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ኳስ፣ አንድ መቀመጫ ብረት፣ አንድ ማገናኛ። ይኸው ነው።

በማግስቱ አባቴን ሱቄ አስጠራኋቸውና አሳየኋቸው። ኳሱን በመዳፋቸው አንከባለሉት፣ አገላብጠው አዩት፣ «ቂቅ ያለ ነው» አሉ። ከዚያ ልለካቸው ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። እጃቸው ምን ድረስ እንደሚሄድ ካወቅሁ መቀመጫው የት እንደሚበሳ አውቃለሁ።

«ይዘርጉት እስቲ፣ አባዬ። እስከሚችሉት ድረስ ብቻ።»

ዘረጉ። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ግንባራቸው ላብ እስኪያወጣ ዘረጉ። «ይኸውልሽ» አሉ፤ «ይደርሳል።» ጡንቻቸው ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አየሁ። ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ የሚያስለካ ደንበኛ በየቀኑ ይገጥመኛል፤ «ኧረ ይተንፍሱ!» ብዬ ሜትሩን እንደያዝኩ አስቀዋለሁ። አባቴን ግን «ክንድዎን ይልቀቁት፣ አይዋሹኝ» ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። በሳሙና ስባሪ ምልክቴን አደረግሁ፣ ልኬቱን ጻፍኩ፣ አመሰገንኳቸው። ስህተቷ ይቺ ናት።

ከተማው ውስጥ አንድ የታወቀ ባለ ቶርኒዮ አለ። ብረት ይበሳል፣ ይቆርጣል፣ ይበይዳል፤ እጁ ወርቅ ነው። በዓል ግን አይሽርም። ከጠመኔ መስመር አንድ ሳንቲ ሜትር የማያሳልፍ ሰው እንደሆነ ሁሉ ከበዓልም ደቂቃ አያሳልፍም። መኪናውን ጎትተን ወሰድንለት። «ይኸ ዕቃ ለዚህ መኪና አልተሠራም» አለ መጀመሪያ እንዳየው።

«ለዚሁ ነው የተባለ።»

«ያለውስ ሰው መኪናውን አይቶታል? ቀዳዳው ከቀዳዳው አይገናኝም፣ እትዬ።»

እውነቱን ነው፤ አልተገናኘም። መቀመጫው ብረት አዲስ ቀዳዳ ፈለገ፣ ማገናኛው ተቆርጦ መበየድ ፈለገ። ቀኑ ደግሞ ይሄዳል። ኪዳነ ምሕረት ዘጋ። እሑድ ዘጋ። ገብርኤል ዘጋ። በሠራ ቀን ደግሞ እኔ ሱቄን ዘግቼ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፤ የዘንጉን ሥር የሚሸፍን ቆዳ በእጄ እየሰፋሁ። ከአንድ የአሮጌ ቦርሳ ቆዳ አወጣሁት፤ ባለ ቶርኒዮው እንኳ አይቶ «ይኸስ ከዘንጉ ይበልጣል» አለ።

በጽዮን ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራው አለቀ። መኪናውን ግቢያችን አገባነው። አባቴ መጡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ገብተው ተቀመጡ። ፍሪሲዮን ረገጡ። አንደኛ ገባ። ባለ ቶርኒዮው አጨበጨበ። ሁለተኛ ገባ። ሦስተኛ ወደ ፊትም ነው፣ ወደ ቀኝም ነው፤ ከሹፌሩ ይርቃል። እጃቸው ኳሱን ይዞ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። አልገባም። እንደገና ሞከሩ። ትከሻቸውን ጭምር ላኩ። ሁለት ጣት ያህል ቀረ።

ሁለት ጣት! ሱቄ ውስጥ ጥርሳቸውን ነክሰው የዘረጓት ሁለት ጣት!

አባቴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «ብረቱ አጠረ» አሉ። «ደህና ነው። ይሽጡት በቃ።»

«ብረቱ አላጠረም፣ አባዬ። ልኬቱ የኔ ነው፤ የተሳሳትኩ እኔ ነኝ።» እንዲህ ስል ዓይናቸውን ከዓይኔ አሸሹ። ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሁለታችንም አልተናገርንም።

ባለ ቶርኒዮው መቀመጫውን ወደ ኋላ ማዛወር የሁለት ቀን ሥራ ነው አለ። «ዘንጉን ማጠፍስ?» አልኩት። «ወደ ኋላና ወደ እሳቸው በኩል፣ ሁለት ጣት።»

ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። «በእሳት ይታጠፋል። ግን ነገ ጽዮን ናት። እኔ በጽዮን ብረት አልነካም።»

«ማን ንካ አለህ?»

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ጸበል ጠጥቼ ስመለስ ልቤ ቆርጧል። የካውያዬን ከሰል አቀጣጠልኩ። አባቴ በእግር የሚረገጠውን የጎማ መንፊያ አመጡና ቱቦውን ከሰሉ ውስጥ አስገቡ፤ «እግሬ ጤነኛ ነው» አሉና ይረግጡ ጀመር። የድሮው የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ የታሰረ ሞርሳ አለ፤ ብረት ነክሶ የሚይዝ። ዘንጉን ፈትቼ ከሰሉ ውስጥ ቀበርኩት። እንዲህ እያለን በሩ ተንኳኳና ባለ ቶርኒዮው ገባ። ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ሁለት እጁን በጋቢው ውስጥ ጠቅልሎ፣ ከማንጎው ሥር አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ።

«እንኳን አደረሳችሁ። ለጥየቃ ነው የመጣሁ» አለ። አንገቱን አስግጎ እሳቱን አየ። «ገና ነው። አታውጪው።»

«አልነካም አላልክም?»

«እጄ ነው የማይነካ። አፌን ማን ከለከለው? ተይው፣ ገና ነው! ቀይ ሲል። የበርበሬ ቀይ አይደለም፣ የብርቱካን!»

እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ሠራን። አባቴ በእግራቸው፣ ባለ ቶርኒዮው በአፉ፣ እኔ በእጄ። ብርቱካን ሲመስል አወጣሁት፣ ሞርሳው ላይ አስሬው ረጅም ቱቦ አጠለቅሁበትና ሳብኩ። ታጠፈ። ያ የሚያብለጨልጭ ዘንግ ጠቁሮ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጎብጦ ወጣ፤ ቁርጥ የአባቴን ክንድ መሰለ። ጫፉ ግን አብሮ ተጣሞ ኳሱ አልቀመጥ አለ።

«አሁን መዶሻ ነው» አለ ባለ ቶርኒዮው፤ እጁ ጋቢው ውስጥ ሲቁነጠነጥ ይታየኛል። «ብትተይው ይሻላል፤ ይሰማል እኮ።»

«ይሰማ!» አልኩና መታሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ድምፁ ከአጥር አልፎ ሄደ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «በስመ አብ!» አለችና ጠፋች። ብዙም አልቆየ፣ የንስሐ አባታችን ከነጥላቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

ባለ ቶርኒዮው ሁለት እጁን ከጋቢው አውጥቶ ንጹሕ መሆኑን አሳያቸው። ከሐዲ! አባቴ መርገጡን አቆሙ። እኔ መዶሻውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ፍርሃቴን እልኼ በለጠው።

«አባ፣ እኔ ነኝ። ኃጢአቱ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም። ቀኖናውን የሚሰጡኝን ያህል እቀበላለሁ። አሁን ግን ብረቱ እየቀዘቀዘብኝ ነው።»

ወደ ዘንጉ ቀረብ ብለው አዩ። ወደ አባቴ ክንድ አዩ። እንደገና ወደ ዘንጉ አዩ። ከዚያ አግዳሚው ላይ፣ ባለ ቶርኒዮው አጠገብ ተቀመጡ።

«እኔስ ደወል የሰማሁ መስሎኝ ነው የመጣሁ» አሉ። ጥላቸውን ቀስ ብለው አጠፉ። «ደወል ደግሞ ሦስት ብቻ ተደውሎ አይቀርም።»

ጨረስኩት። ሲወጡ አርባ ስግደት ሰጡኝ። አርባውንም ሰግጃለሁ፤ ጉልበቴ እስኪላጥ። መታሁ ብዬ ግን አልተጸጸትኩም፤ ይኸንንም ነግሬያቸዋለሁ። «እሱን ለሚቀጥለው እንነጋገርበታለን» ብለውኛል።

የዚያን ዕለት አባቴ ሦስተኛ አስገቡ። አስገቡና አወጡት፣ አስገቡና አወጡት። ሞተሩ እንኳ አልተነሣም፤ ዝም ብለው ሦስተኛን ሲያስገቡ አመሹ።

ማግስቱ ደረሰ። ወንድሜ የራሱን መኪና ይዞ ደጃፍ ቆመ፤ ሽማግሎቹን ጭኖ ከኋላ እንደሚከተለን ተናገረ። አባቴ «ቀድመህ ሂድ፣ ቡሬ መግቢያ ላይ ጠብቀኝ» አሉት። «እንደ ከብት ከኋላዬ ሰው አላስከትልም።» ወንድሜ ሊከራከር ሲል የንስሐ አባታችን የወንድሜን መኪና በር ከፍተው ገቡ። ሁሉም ቀድመውን ሄዱ።

እኔ ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ። ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ተነሣ። አንደኛ። ከግቢ ወጣን። ሁለተኛ። አስፋልቱን ያዝን። ሦስተኛ፣ ቀጭ አለና ገባ። «እሰይ!» ብዬ ጮኽኩ፤ መንገድ ዳር የቆሙ ባጃጅ ነጂዎች ዞረው አዩን። አባቴ አልሣቁም። ፊታቸው አስፋልቱ ላይ ተተክሏል። ግራ ቀኙ አጨዳ ነው፣ በቆሎ በየማሳው ተከምሯል፣ ነፋሱ በመስኮት ገብቶ ነጠላዬን ያርገበግበዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በመንገዱ መካከል ያለችውን ማንኩሳን ስናልፍ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ማርሽ ከቀየሩ በኋላ ቀኝ እጃቸውን ወደ መሪው አይመልሱትም፤ ኳሱ ላይ እንደ ተጨበጠ ይቀራል። ወንድሜን መንዳት ሲያስተምሩት ውጭ ቆሜ እሰማ ነበር፤ «ሹፌር እጁን ማርሽ ላይ አያሳርፍም!» እያሉ ይቆጡት ነበር። እኔን አላስተማሩኝም። ሴት ልጅ ናት አሉ፣ አበቃ። እጃቸውን አየሁና ምናልባት አዲሱን ዘንግ ወደውት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ቡሬ መግቢያ ላይ ቆመዋል፤ ወንድሜ መኪናውን ተደግፎ፣ ሽማግሎቹ ከጎኑ ተሰልፈው። አባቴ ፍጥነት ቀነሱ። ሁለተኛ አስገቡ። ወንድሜ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ እኔ ልሙት። እዚያው ልንቆም ነው ስል አባቴ ነዳጅ ሰጡ። ሦስተኛ። አለፍናቸው! የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን እንዳነሡ ወደ ኋላ ቀሩ።

«አባዬ! አለፍናቸው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ቡሬም እያለፈ ነው!»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

ከተማውን ጨርሰን ወጣን። መንገድ ዳር ሰሌን ላይ በርበሬ የተሰጣበት ቦታ ሲደርሱ ዳር ያዙ፣ ቁልፉን በግራ እጃቸው አዙረው አጠፉት። ግንባራቸው ላይ ላቡ ይንቆረቆራል፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ቀኝ እጃቸው ኳሱን እንደ ጨበጠ ነው።

«ጣቶቼን ፍቺልኝ» አሉ። «ደርቀዋል። ከማንኩሳ ጀምሮ አልላቀቅ ብለውኛል።»

ያኔ ገባኝ። ሽማግሎቹ ዘንድ ቢቆሙ ኖሮ ይኸን ሁሉም ያዩት ነበር። ጎንበስ አልኩና ጣቶቻቸውን እንደ ሸሚዝ ቁልፍ አንድ በአንድ ፈታሁ። የመጨረሻው ጣት ሲለቅ ቃተቱ። እጃቸውን በሁለት እጄ ይዤ አሸሁት። እንባዬን መያዝ አቃተኝ፤ ለምን እይዘዋለሁስ?

«ሱቅሽ ውስጥ ዋሽቼሽ ነበር» አሉ። «ሁለት ጣት።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎስ ለምን ዘረጉት?»

አዩኝና ሣቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሣቁ። ከዚያ በሩን ከፍተው ወረዱ፣ መኪናውን በፊት በኩል ዞሩ፣ የኔን በር ከፈቱ። «ነይ፣ ዙሪ። አንቺ ትመልሽኛለሽ።»

«እኔ?»

«መንጃ ፈቃድ የለኝም ብለሽ እንዳትዋሺኝ።»

ማንም እንደማያውቅ እምል ነበር። ካወጣሁት ዓመት አልፎታል፤ ከቤት ሰው ለአንዱም አልነገርኩም። «ማን ነገረዎ?»

«ማን ይነግረኛል? ሹፌር አይደለሁም? ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር እዚህ ማዶ እግርሽ ይረግጣል። አንዳንዴማ ከኔ ቀድመሽ ስትረግጪ ነበር።»

ዞሬ ገባሁ። ወንበሩ አሁንም ሙቀታቸውን እንደ ያዘ ነው። እጄን ዘንጉ ላይ ሳሳርፍ ለኔ እንዳልሆነ አወቅሁ፤ ወደ ጎኔ ተጠግቷል፣ ክንዴን ልዘርጋ ብል ቦታ የለም። ክርኔን እንደሳቸው አጥፌ ያዝኩት። አንደኛ ገባ።

ሽማግሎቹ እዚያው ቆመው ጠበቁን። ስቆም ወንድሜ ወደኔ መስኮት ሮጦ መጣ። «ይኸ ምንድን ነው? ለምን አንቺ ትነጂያለሽ? አልቻሉም ማለት ነው!» ከዚያ ወደ ሽማግሎቹ ዞረ። የንስሐ አባታችን በመኪናው ውስጥ አጎንብሰው ጥቁሩን ዘንግ አዩ፣ የአባቴን ያበጠ እጅ አዩ፣ ቀና አሉ። «የተባለው ቡሬ መድረስ ነው» አሉ። «እሳቸው ደርሰው አልፈዋል። እንዴት ይመለሱ ያለ የለም።»

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ እንሄዳለን። ሲኬድ እስከ ማንኩሳ እሳቸው ይነዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወርደው ወደ እኔ ቦታ ይዞራሉ። ባለ ቶርኒዮው ባለፈው ሱቄ ድረስ መጥቶ ዘንጉን ላቃናልሽ አለኝ፤ አብዛኛውን መንገድ የምትነጂው አንቺ ነሽ፣ ክንድሽ ይታመማል አለ። አይሆንም አልኩት። ለእሳቸው ነው የተለካ። እኔ ክርኔን አጥፌ እነዳለሁ።